ሐይቅ ያስቀመጠው አመድ

(ጎንደር ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች ከቀረበ ንግግር፣ እንደተነገረ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ? ቀኑን ሙሉ በሥራ ውላችሁ፣ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ስለ አመድ የሚያወራ ሰው ለመስማት እዚህ መቀመጣችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። ስለ ወርቅ ይነገራል ቢባል አዳራሹ እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ ስለ አመድ ተብሎ ግማሹ መሙላቱ ግን የጎንደርን ሰው ጨዋነት ያሳያል።

ከመጀመሬ በፊት አንዲት ቃል ላጥራ። በማስታወቂያው ላይ «ቴፍራ» የሚለውን አንብባችሁ ስለ ጤፍ የመጣችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱ አይዛመዱም። ቴፍራ በግሪክኛ አመድ ማለት ነው። አይስላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሲጉርዱር ቶራሪንሰን እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ ወደ ሰማይ ተፍቶ መሬት ላይ የሚያወርደውን ሁሉ፣ ከድንጋዩ እስከ ደቃቁ ዱቄት፣ በዚህ ስም ጠራው፤ ስሙም ጸና። እኛ አገር ሰው ውለታ ሲበላበት «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። የእኔ ሥራ ቃል በቃል አመድ ማፈስ ስለሆነ አባባሉን የምጠቀምበት በጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በዚህ በ2018 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን፣ እንደ ልማዳችን፣ ቆሻሻ ሰብስበን ኅዳርን አጠንን። ጭሱ ከልብሳችን ሳይወጣ፣ ኅዳር 14 ቀን እሑድ፣ በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በአፍዴራ አካባቢ መንደሮችን አለበሰ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ዖማን ሰማይ ላይ ታየ፣ ከዚያም ሕንድ ደርሶ የአውሮፕላን በረራ አሰረዘ። በማግስቱ የዓለም ዜና ሁሉ በአንድ አፍ «በ12 ሺህ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ» አለ። ሰምታችሁታል አይደል? እኔ ግን እንዲህ ብዬ እጠይቃችኋለሁ፤ የዚያን 12 ሺህ ዓመት መዝገብ የያዘው ማን ነው? በዚያ በረሃ ማን ቁጭ ብሎ ነበር የሚጽፈው? ዜናው ሊል የሚገባው «በዚህ ተራራ ላይ የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረንም» ነበር። ያልተመዘገበና ያልሆነ ነገር አንድ አይደሉም። ደግሜ እላለሁ፤ ያልተመዘገበና ያልሆነ ነገር አንድ አይደሉም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

የጽሑፍ ትውስታችን አጭር ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ የዱቢ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. ሲፈነዳ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ገና 6 ዓመታቸው ነበር። ይህ ፍንዳታ በአፍሪካ በጽሑፍ ከተመዘገቡት ታላላቆች አንዱ ነው፤ ከዘመኑ ጋር ስናስተያየው ግን የትናንት ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ለማወቅ ሌላ ጸሐፊ መፈለግ አለብን። ያ ጸሐፊ ሐይቅ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ አመድ እንዴት ሐይቅ ውስጥ ይቀመጣል? ሁለተኛ፣ እንዴት ይነበባል? ሦስተኛ፣ እስካሁን ምን ተነበበ? ሁለተኛው ላይ ራሴን እከስሳለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ስለምቆይ ሻይ ያማራችሁ ታገሡኝ።

አንደኛውን ከአያቴ ቤት ልጀምር። ደንቢያ ውስጥ ባለው ቤቷ የጭቃ መደብ ነበር፤ ለየዓመት በዓሉ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል። አንድ ክረምት ውኃ ገብቶ የመደቡ ጫፍ ሲናድ፣ እንደ ተቆረጠ ድፎ ዳቦ ጎኑ ታየ። ልቅለቃው በልቅለቃ ላይ ተደራርቦ ነበር፤ መቁጠር እስኪያቅት ድረስ ቀጫጭን። መሀል ላይ ግን ከሌሎቹ የማትመሳሰል፣ ጥፍር የምታህል ጥቁር ግራጫ መስመር አለች። አያቴ ጣቷን አስጠግታ «ይቺ ማድ ቤቱ የተቃጠለ ዓመት ናት፤ ከሷ በታች ያለው ሁሉ አባትህ ሳያገባ ነው፤ ከሷ በላይ ያለው እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ ነው» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ የጎረቤታችንም መደብ ቢናድ ያቺን መስመር እንደማገኛት ነገረችኝ፤ የዚያን ቀን ነፋሱ ወደ እነሱ ቤት ነበርና። ፊደል ያልቆጠረች ሴት የእኔን ሙያ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። አመዷ የወደቀችው በአንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ በሁለት ቤት ውስጥ የተገኘች ያቺው አመድ ሁለቱን መደቦች በአንድ ቀን ላይ ታስራቸዋለች። እኛ የምንጨምረው ቤቱን በሐይቅ፣ ማድ ቤቱን በእሳተ ገሞራ መተካት ብቻ ነው።

ለምን ሐይቅ? በየብስ ላይ የወደቀ አመድ ዕድሜ የለውም። ዝናብ ያጥበዋል፣ ነፋስ ያነሣዋል፣ ገበሬው በሁለት ክረምት አርሶ ከአፈሩ ያዋሕደዋል። ሐይቅ ላይ የወደቀው ግን ወደ ታች ይሰምጣል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚመጣው ደለል ይሸፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። ጥልቅና ጸጥ ያለ ሐይቅ ጥሩ መዝገብ ቤት ነው። ጥልቀት የሌለውና ማዕበል የሚያናውጠው ግን ገጾቹን ያዛባል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ጣና ስንመጣ ያስፈልገናል።

አመድ ስል የምድጃ አመድ እንዳታስቡ። የእሳተ ገሞራ አመድ የተቃጠለ ነገር አይደለም፤ ብርጭቆ ነው። ከመሬት በታች የቀለጠው ዐለት ውኃና ጋዝ አሟሙቶ ይዟል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው የቀለጠውን ዐለት በታትኖ ይረጨዋል፤ እርጩም አየር ላይ በቅጽበት ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታል ለመሆን ጊዜ አያገኝም። በማይክሮስኮፕ ስታዩት የተሰበረ ብርሌ ነው የሚመስለው፤ ጎበጥ ያለው የአረፋ ግድግዳ፣ ስለታም ጠርዝ፣ ጥርት ያለ ገላ። ትልልቁ ስባሪ ተራራው አጠገብ ይወድቃል፤ ከጸጉር ውፍረት የሚያንሰው ግን በነፋስ አገር አቋርጦ ይሄዳል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሐይቅን ለማንበብ መጀመሪያ ደለሉን ሳያበላሹ ማውጣት ያስፈልጋል። በሐይቁ ላይ ተንሳፋፊ መድረክ ይታሰራል፤ ቱቦ ወደ ታች ይሰደዳል፤ በውስጡ ያለው ፒስተን ጭቃው እንዳይሾልክ ይዞት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ይወጣል፤ እንደገና በዚያው ጉድጓድ ወደ ታች ይኬዳል። ቱቦው ላቦራቶሪ ደርሶ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ በቡናማው ጭቃ መካከል ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ታያላችሁ። ይህ በዐይን የሚታየው ቴፍራ ነው።

አብዛኛው ግን በዐይን አይታይም። «አመድ በዱቄት ይስቃል» ይባል የለ? እዚህ ጋ አመዱ ዱቄቱ ውስጥ ተደብቆ በእኛ ነው የሚስቀው። ስውር ቴፍራ እንለዋለን። እሱን ለማግኘት ደለሉን በየሴንቲሜትሩ ቆርጠን፣ ሕይወት ካለው ነገር የመጣውን በእሳት ወይም በኬሚካል አስወግደን፣ በረቂቅ ወንፊት በውኃ እናጥበዋለን። ከዚያ ክብደቱ በተስተካከለ ከባድ ፈሳሽ ውስጥ እናሽከረክረዋለን፤ ብርጭቆው ከኳርትዝ አሸዋ ቀለል ስለሚል ይንሳፈፋል፣ አሸዋው ይዘቅጣል። የተንሳፈፈውን በማይክሮስኮፕ መስተዋት ላይ አድርገን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። አዎ፣ አንድ በአንድ! የሥራው ዘጠኝ እጅ መቁጠር ነው፤ ጀብዱ ፈልጎ ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ተማሪ ካለ አስቀድሜ ላስጠንቅቀው።

ቀጥሎ የአንዷን ስባሪ ገላ በኤሌክትሮን ጨረር እንመታና ሲሊካዋን፣ ሶዲየሟን፣ ፖታሲየሟን፣ ብረቷን እንለካለን። እያንዳንዱ ተራራ፣ አንዳንዴም እያንዳንዱ ፍንዳታ፣ የራሱ የጣት አሻራ አለው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ያስቸግራል። ብዙዎቹ ተራሮቹ ሶዲየምና ብረት የበዛበት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ስለሚተፉ እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ፤ ሶዲየሙ ደግሞ ጨረሩ ሲያርፍበት ከቦታው ይሸሻል። ስለዚህ በመጠን እጅግ ጥቂት የሆኑትን ንጥረ ነገሮች ጨምረን ካልለካን የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ እንለጥፋለን።

ዕድሜውስ? በደለሉ ውስጥ ቅጠል ወይም ዘር ከተገኘ በካርቦን 14 እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ መቁጠር ይቻላል። ከዚያ ላለፈው በአመዱ ውስጥ የሚገኙትን ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን ክሪስታሎች በአርጎን ዘዴ እንለካለን፤ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ራዲዮአክቲቭ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመው አርጎን ሰዓት ይሆነናል።

አሁን ክሱ። ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ሐይቅ ናሙና ስናወጣ፣ በየቱቦው ጫፍ «ላይ» እና «ታች» ብሎ መጻፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ጻፍኩ፤ በውኃ በሚለቅ ቀለም። ማታ ዝናብ ሲጥል ቱቦዎቹ ሸራው በማይሸፍነው በኩል ነበሩ። ጠዋት ስነሣ ሁለቱ ቱቦዎች እንደ ሕፃን መዳፍ ነጭ ሆነው ጠበቁኝ። የቱ ጫፍ ላይ ነው? የቱ ታች ነው? ለአንድ የደለል ባለሙያ ይህ ማለት መጽሐፉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይነበብ እንደሆነ አለማወቅ ነው። እነዚያን ሁለት ሜትሮች ጣልናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱቦውን በቢላ ነው የምፍቀው፤ እናንተም ተማሪዎች በቢላ ፋቁ።

ሐይቁ ራሱም ያታልላል። ወንዝ ከተራራ ላይ የጥንቱን አመድ አጥቦ እንደ አዲስ ያመጣል፤ ያንን ያየ «ሁለተኛ ፍንዳታ» ብሎ ይጽፋል። የሐይቁ ትሎች ጭቃውን እየቆፈሩ ስባሪዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ያጓጉዛሉ። ነፋስ በዚያ ወር ወደ ሌላ ከነፈሰ ደግሞ ተራራው ከጎኑ ፈንድቶም ሐይቁ ምንም አይዝም። ለዚህ ነው አንድ ሐይቅ ብቻውን የማይታመነው። ምስክር ሁለትና ሦስት ሲሆን ነው ነገር የሚጸናው።

ሦስተኛውና የምወደው። እስካሁን ምን ተነበበ?

ከቅርባችን ልጀምር። አሸንጌ እና «ሐይቅ» የተባሉት ሁለቱ ሐይቆች በአፋር ዝቅታ አፋፍ ላይ የተቀመጡ የደጋ ሐይቆች ናቸው፤ ከታች ተራራ ሲፈነዳ አመዱን የሚቀበሉ ሁለት ሰፌዶች ብላችሁ አስቧቸው። የሁለቱ ደለል ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. በወጣው ጥናት፣ ባለፉት 17 ሺህ ዓመታት ውስጥ የወደቁ 21 የአመድ ንብርብሮች ተገኙ፤ አንዳንዱ በዐይን የሚታይ፣ አንዳንዱ ስውር። የኬሚካል አሻራቸው እስከ 7 ከሚደርሱ ልዩ ልዩ እሳተ ገሞራዎች እንደመጡ ይጠቁማል። ከ15,300 እስከ 1,600 ዓመት በፊት ባለው ዘመን፣ በአማካይ ሲሰላ፣ አንድ ሺህ ዓመት ሳይሞላ አንድ ፍንዳታ ነበር፤ አብዛኞቹም ካለፉት 7,500 ዓመታት ወዲህ የወደቁ ናቸው። እንግዲህ «12 ሺህ ዓመት ጸጥታ» የሚለውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሃይሊ ጉቢ ከ7ቱ አንዱ ነው እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት አፋር ዝም ብሎ አያውቅም፣ ዝም ያለው መዝገባችን ነው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ አጠገብ ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ። በዙሪያው ሐዋሳ፣ ቲሎና ጫሞ ሐይቆች ውስጥ የተገኘው አመድ ሲደመር፣ ኮርቤቲ ባለፉት 10 ሺህ ዓመታት በአማካይ በየ900 ዓመቱ ገደማ በኃይል እንደፈነዳ ታወቀ። አማካይ ማለት ቀጠሮ ማለት አይደለም፤ እሳተ ገሞራ 900 ዓመት ሞላኝ ብሎ አይነሣም። ነገር ግን በአጠገቡ ትልልቅ ከተሞች አድገዋል። ከተማ የሚያቅድ ሰው ይህን ቁጥር ሳያውቅ ቢያቅድ፣ ክረምት መኖሩን ሳያውቅ ጣራ እንደሚሠራ ሰው ነው።

ሌላም አለ። በኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. የተገኘውን ጥንታዊ የሰው አጽም ሰምታችኋል። ከአጽሙ በላይ ከ2 ሜትር የሚበልጥ የአመድ ንብርብር አለ፤ ለብዙ ዓመታት የየት ተራራ እንደሆነ አልታወቀም፤ አመዱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በአርጎን የሚለካ ክሪስታል አልተገኘበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ግን አሻራው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከሻላ እሳተ ገሞራ ታላቅ ፍንዳታ ጋር ተገጣጠመ። ሻላ አጠገብ ባለው ወፍራም ክምችት ውስጥ የሚለካ ክሪስታል ነበርና ተለካ፤ 233 ሺህ ዓመት ወጣ፣ 22 ሺህ ቢደመር ወይም ቢቀነስ። አጽሙ ከአመዱ በታች ስለሆነ ዕድሜው ቢያንስ ያን ያህል ነው፤ ከዚያ በፊት ይነገር የነበረው 200 ሺህ የማይሞላ ነበር። አያቴ «ከሷ በታች ያለው ሁሉ አባትህ ሳያገባ ነው» ያለችውን አስታወሳችሁ? ያው ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ልግባ። ጎንደሬ ሆኖ ጣናን ሳያነሣ የሚወርድ ተናጋሪ የለም። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ የሚያመጡት ጭቃ አመዱን ያቀጥነዋል፤ ማዕበሉ ያናውጠዋል። በዚያ ላይ የሐይቁ ደለል ራሱ እንደመሰከረው፣ የዛሬ 17 ሺህ ዓመት አካባቢ ጣና ደርቆ ነበር። አዎ፣ ጣና! ደረቅ ጭቃው ከታች አለ፤ ከሱ በላይ የደንገል ረግረግ የተወው ጥቁር ንብርብር አለ፤ ከዚያ በላይ ውኃው ተመልሶ የሞላበት ደለል ይጀምራል። በደረቁ ዘመን የወደቀ አመድ ነፋስ ጠርጎታል። ስለዚህ ጣና ውስጥ ወፍራም ነጭ መስመር ጠብቆ የሚወርድ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ የሚያዋጣው ወንፊቱን፣ ከባዱን ፈሳሽና ቆጠራውን ይዞ ስውሩን መፈለግ ነው።

ስውር ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያዋጣ መተማ አሳይቶናል። የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት የቶባ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ከታወቁት ፍንዳታዎች ሁሉ ከታላላቆቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የቶባ ስባሪ በማላዊ ሐይቅ ደለል ውስጥ ተገኘ፤ በዚያው ቦታ ያለው ደለል ግን ፍንዳታው አምጥቶታል ተብሎ የተፈራውን ያህል ከባድ ቅዝቃዜ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ከእኛ በታች፣ መተማ ቆላ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ የጥንት ሰዎች ከሠፈሩበት ደለል ውስጥ የቶባ ስባሪ መገኘቱ ታወጀ። ይህ የወንዝ ደለል እንጂ የሐይቅ አይደለም፤ ዘዴው ግን ያው ነው። ከዚህ እስከ ቶባ 7 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! አመዱ በዐይን የሚታይ መስመር አልነበረውም፤ ከአፈሩ ተለይቶ፣ ተቆጥሮ፣ አሻራው ተለክቶ ነው የተገኘው።

እነዚያ ሰዎች ምን ሆኑ? የሰጎን እንቁላል ቅርፊቱ ኬሚስትሪ በጋው ይበልጥ እንደደረቀ ይናገራል። ወንዙ ሲቋረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ አብዝተው በሉ፤ የዓሣው አጥንት ከአመዱ በኋላ በግልጽ ይጨምራል። የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትንንሽ ባለሦስት ማዕዘን ድንጋዮችም ተገኝተዋል። አልጠፉም፤ በኩሬው ዳር ቆዩ፣ ኩሬው ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ኩሬ ሄዱ። ይህን ሁሉ «ከአመዱ በፊት»፣ «ከአመዱ በኋላ» ብለን ልንከፍለው የቻልነው በእነዚያ የማይታዩ ስባሪዎች ነው።

ተማሪዎች ስለ ጭልጋ ትጠይቁኛላችሁ፤ በአጭሩ፣ እዚያ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የአመድ ንብርብሮችና በመካከላቸው የጥንት እንስሳትና ዕፅዋት ቅሪቶች አሉ። ያ የራሱ ምሽት ይገባዋል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማይክሮስኮፕ አስቀምጫለሁ። ከስምጥ ሸለቆ ያመጣሁትን ፑሚስ የተባለ አረፋማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭቼ፣ ከጎርጎራ ዳር ባመጣሁት የጣና ጭቃ ውስጥ ቀላቅዬ፣ አንዱን መስተዋት በሱ፣ ሌላውን በጭቃው ብቻ አዘጋጅቻለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። ተራ በተራ እዩ፤ የተሰበረ ብርሌ የምትመስለዋን ያገኘ ይቁጠራትና ቁጥሩን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። እባካችሁ መስተዋቱ ላይ እንዳታስነጥሱ፤ ስባሪዎቹ ቀላል ናቸው፣ ይበተናሉ። አመሰግናለሁ።